ድስቱ ለስንት ሰው ነው?

ከአሶሳ ተነስቶ በባምባሲ በኩል ቶንጎ የገባ አይሱዙ ጭነቱን ሲያራግፍ ቆሞ ማየት የአካባቢውን ኑሮ ማንበብ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ጨውና ቆርቆሮ ይወርዳል። ከእነሱ ጋር የወጥ ቤት ዕቃ ይወርዳል፤ በካርቶን የታሸገ ብርጭቆ፣ ትንሹ በትልቁ ውስጥ የገባ የአሉሚኒየም ድስት፣ ባለአበባ ፔርሙስ፣ ሳፋ፣ የሻይ ትሪ። አብዛኛው ከመርካቶ የተነሳ ነው፤ መርካቶም የደረሰው ባሕር ተሻግሮ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቶንጎ ደግሞ ከዚያም ወዲያ ናት። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ብርጭቆ ይወደዳል እንጂ ይረክሳል ተብሎ አይጠበቅም። ሸራው ተዘርግቶ ዕቃው ሲደረደር ግን ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማው «ቅናሽ! ቅናሽ!» የሚለው ጥሪ ነው።

እንዲህ ባለ ገበያ አንዲት እናት ድስት ስትመርጥ ያየ ሰው ብዙ ይማራል። መጀመሪያ ቂጡን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንስታ ውስጡን ታያለች፤ የተበሳ ከሆነ ብርሃኑ ያሳብቅበታል። ጆሮው የተያዘበትን ብሎን ትነቀንቃለች። ክዳኑን ትገጥምና ዙሪያውን በአውራ ጣቷ ትከተለዋለች። ይህን ሁሉ ጨርሳ ልጅ እግሩን ነጋዴ «ስንት ሰው ያበላል?» ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም «እናቴ፣ ስምንት መቶ ሲሸጥ የነበረ ነው፤ ዛሬ በአምስት መቶ ሃምሳ ውሰጂው፤ ነገ ብትመጪ አታገኚውም» ይላታል።

የጠየቀችው ሌላ፣ የተመለሰላት ሌላ። እሷ ስለ ሰው ጠየቀች፤ እሱ ስለ ብር መለሰላት። እኔን የሚገርመኝ መልሱ ከጥያቄው ጋር አለመገናኘቱ ሳይሆን ጥያቄውን ማስረሳቱ ነው። ቤቷ ሦስት ድስት ያላት ሴት አራተኛውን ተሸክማ ስትሄድ ስንት ሰው እንደሚያበላ አሁንም አልተነገራትም። የተነገራት ሁለት መቶ ሃምሳ ብር እንደተረፋት ነው። አምስት መቶ ሃምሳ ብር ከመቀነቷ ወጥቶ ሳለ አተረፍኩ ብላ መሄዷ ለእኔ ትልቅ የአስተሳሰብ ጥያቄ ነው፤ ሞኝነት ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ብልኅ ሴት ናት፤ ድስቱን ስትመረምር አይተናታል። ድስቱን እንዲህ የመረመረች ሴት ዋጋውን ሳትመረምር የተቀበለችው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት ከቅናሽ ጋር የቆየ ትውውቅ ስላለን ይመስለኛል። ገበያችን በክርክር የኖረ ገበያ ነው። ዋጋ ይጠራል፣ ገዢ ግማሹን ትጠራለች፣ ነጋዴ ይሳለቃል፣ ገዢ ትታ ትሄዳለች፣ ጥቂት እርምጃ እንደራቀች «ነይ እስኪ፣ መጨረሻውን ልንገርሽ» ይላታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቅናሹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሴትዮዋ ከቤቷ ስትነሳ ምን እንደፈለገች ታውቃለች፤ የድሮው ድስቷ ተበስቷል፣ ወይም ልጇ ትዳር ልትይዝ ነው። ፍላጎቱ ቀድሟል፣ ዕቃው ተከትሏል፣ ዋጋው በመጨረሻ ተቆርጧል። የተቀነሰው ብርም በእርግጥ የእሷ ነው፤ በምላሷና በትዕግሥቷ ያገኘችው ነው። ነጋዴው «ለአንቺ ስል ነው» ሲል ደግሞ ባያምንበትም እንኳ በመካከላቸው አንድ ነገር ይፈጠራል፤ በሚቀጥለው ገበያ ደንበኛ ተባብለው ይገናኛሉ።

በድምፅ ማጉያ የሚነገረው ቅናሽ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ዋጋው ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፣ ፍላጎቱ መጨረሻ ላይ ይፈለጋል። ድስቱን ገዝታ ወደ ቤት ስትሄድ ለምን እንደሚሆን መንገድ ላይ ታስብበታለች፤ «ለሽሮ ይሆናል፤ ለእንግዳ ይሆናል፤ ለልጄ አስቀምጥላታለሁ።» ክርክሩ በሌለበት የክርክሩ ድል ተሰጥቷታል፤ ድሉን ለመቀበል ግን ዕቃውን መውሰድ ግዴታ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሸራ ላይ ግን የተለጠፈ ዋጋ የለም። ስለዚህ «ስምንት መቶ ነበር» የተባለው ዋጋ ማንም ከፍሎት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ቅናሹ የተለካው ከዚያ ዋጋ ነው፤ የእሷም ደስታ የተለካው ከዚያው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው አንድ ጥናት ሰው ከግዢ የሚያገኘውን እርካታ ለሁለት ከፍሎ አይቶታል። አንደኛው ዕቃው ለከፈልንበት ብር ምን ያህል ይጠቅመናል ከሚለው የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ይከፈላል ብለን ከጠበቅነው ዋጋ ባነሰ በመክፈላችን ብቻ የሚሰማን ነው። ሁለተኛው ብቻውን ሊያስገዛን ይችላል፤ በዚህም የተነሳ ሰዎች የማይጠቀሙበትን ዕቃ ርካሽ ስለሆነ ይገዛሉ። ቴለር በዚህና በተያያዙ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይህን ሐሳብ ወደ ቶንጎ ገበያ ስመልሰው ይበልጥ የሚታየኝ የሁለቱ እርካታዎች ዕድሜ ነው። በቅናሽ የመግዛት ደስታ ከገበያ እስከ ቤት ያለውን መንገድ ከዘለቀ በቂ ዘልቋል። ድስት የሚሰጠው እርካታ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ሲጣድና ሲወጣ፣ ዓመት ሲሞላውና ሲጠቁር።

ታዲያ ለአንድ ቤት ስንት ድስት ይበቃል? አርስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው መጀመሪያ ላይ ስለ ቤት አስተዳደር ሲናገር ሀብት ማለት ለቤትና ለከተማ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ክምችት ነው ይላል። የየትኛውም ሙያ መሣሪያ ደግሞ በብዛትም በመጠንም ወሰን አለው። ወሰኑን የሚሰጠው ሥራው ነው፤ አናጢ ሁለት መዶሻ ኖሮት ሦስተኛው እጁን ይይዝበታል። ወሰን የሌለው ለሥራ ሳይሆን ለመጨመር ሲባል ብቻ የሚደረግ ክምችት ነው። ይህ ሐሳብ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ ለእኔ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ካልተፈተነ በቂ አይሆንም። ወሰን አለው ማለት ቀላል ነው። ወሰኑን በቁጥር ተናገር ሲባል ነው የሚከብደው።

ቶንጎ ይህን ቁጥር የያዘ ዝርዝር ታውቃለች። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙ ሺህ ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገባ። ለእነዚህ ሰዎች ከተከፈቱት መጠለያዎች አንዱ ቶንጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ባዶ እጁን ለመጣ ቤተሰብ የሚሰጠው የወጥ ቤት ዕቃ ጥቅል አለ። በተለመደው ዝርዝሩ ለአምስት ሰው የተሰላ ነው፤ ባለ 7 ሊትርና ባለ 5 ሊትር ሁለት ድስት፣ 5 ጎድጓዳ ዕቃ፣ 5 ሳህን፣ 5 ኩባያ፣ 5 ማንኪያ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ ጭልፋ። በቃ። አንድ የሰው ቤት እንደገና እሳት አንድዶ መኖር ሲጀምር ከዚህ ያነሰ አይሆንለትም ብለው አስበው ያወጡት ዝርዝር ነው።

ይህን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው የጎደለው ላይ ነው። ጀበና የለውም፤ ስኒ የለውም። ከሁሉ በላይ ስድስተኛ ሳህን የለውም። አምስት ሰው፣ አምስት ሳህን። በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ስድስተኛ ሰው አልታሰበም። ዝርዝሩን ያወጡትን አልወቅስም፤ የእነሱ ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት ልጅ እንዳይራብ ማድረግ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ሳያስበው አንድ እውነት ነግሮናል። የመኖር ወሰን አምስት ሳህን ነው፤ ከሰው ጋር የመኖር ወሰን ግን ከአምስት ይበልጣል። ስለዚህ ስድስተኛውን ሳህን ማንም ቅንጦት ብሎ ቢጠራው አልስማማም። ሰባተኛውንም፣ ስምንተኛውንም። ጥያቄው ያለው ከዚያ ወዲያ፣ ሠላሳኛው አካባቢ ነው።

ያ መጠለያ ራሱ ዛሬ የለም። በጥር 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሳ ግጭት የቶንጎ መጠለያ ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። ከእሱና ከጉሬ ሾምቦላ መጠለያ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተፈናቅለው ብዙዎቹ በአሶሳ አቅጣጫ ወዳለው ጾሬ ሄዱ። አንድ ጊዜ ከቤታቸው፣ አንድ ጊዜ ከመጠለያቸው የወጡ ሰዎች ናቸው። ስለ ዕቃ ብዛት ሲጻፍ ይህን አለማንሳት አልቻልኩም፤ የእነሱን መከራ ለእኛ ትምህርት አድርጌ ማቅረብ ግን አልፈልግም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያው ወረዳ ውስጥ አንድ ድስት ለአንድ ቤተሰብ ሁሉ ነገር የሆነበት ጊዜ ቅርብ ነው፤ «አራተኛ ድስት» የሚለው ቃል እዚያ ሲነገር ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

ዝርዝሩ ሌላም ነገር ይዟል። ሳህኑን በነፍስ ወከፍ ቆጥሮታል። በዚህ አካባቢ ገንፎ ሲቀርብ ግን በነፍስ ወከፍ አይቆጠርም። የማሽላው ገንፎ በአንድ ትልቅ ገበታ ይወጣል፣ የባሚያው ወጥ አብሮት ይቀርባል፣ እጅ ታጥቦ ዙሪያውን ይከበባል። በደጋውም አንድ ትሪ እንጀራ አራትና አምስት ሰው ያበላል። በትሪው ዙሪያ አንድ ሰው ሲጨመር የሚያስፈልገው ጠጋ ጠጋ ማለት ነው፤ ሌላ ሳህን አይደለም። ስለዚህ «ስንት ሳህን ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው ስንት ነን ከሚለው ብቻ አይደለም፤ እንዴት ነው የምንቀመጠው ከሚለውም ነው። ለየብቻ ሳህን ይዞ መብላት በከተማ እየተለመደ ሲሄድ፣ አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሰው ሳይጨምር ሳህን ይጨምራል። አምስት የነበርነው አሁንም አምስት ነን፤ ግን ሃያ ሳህን ያንሰናል። ቅናሹን የሚጠራው ልጅ ይህን አላመጣውም። ለውጡ ቀድሞ ቤታችን ገብቶ ነበር፤ ልጁ ያገኘው የተከፈተ በር ነው።

ዕቃን በመጣል ወሰን ለማበጀት የሞከሩ አሉ። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የሲኖፔው ዲዮጋን ትልቅ ጋን ውስጥ ይኖር ነበር ይባላል፤ ከነበሩት ጥቂት ዕቃዎች አንዷ ኩባያ ነበረች፤ አንድ ሕፃን በእጁ እየጨለፈ ውኃ ሲጠጣ አይቶ እሷንም ወረወራት። ታሪኩን ብዙዎች ያደንቁታል። እኔ አላደንቀውም። ዲዮጋን ኩባያውን ሲጥል የሚያስበው ስለ ራሱ ጥማት ብቻ ነበር። እዚህ አገር ኩባያ የሚያዘው ለራስ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛ ውኃ ሲለምን የሚሰጠው በእሷ ነው። ቅልም ቢሆን፣ ጣሳም ቢሆን፣ ሰው ቤት ውስጥ ውኃ የሚሰጥበት ዕቃ ከሌለ ያ ቤት ጎድሎታል። ኩባያውን ጥሎ ነፃ ወጣሁ የሚል ሰው ከዕቃው ጋር እንግዳውንም ጥሏል።

እንግዲህ ዕቃ ማብዛትንም ዕቃ መጣልንም ካልወደድኩ የት ነው የምቆመው? ከመልሱ በፊት ዕቃ የሚያበዙትን ሴቶች በቅጡ መረዳት ይገባል፤ እነሱን ማማት ቀላል ነው፣ ሲታሙም የሚከራከርላቸው የለም።

መሬቱ በአባወራው ስም፣ ከብቱም በአባወራው ስም በሚጠራበት ቤት ሴት «የኔ» የምትለው ነገር ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ያለው ነው። ፔርሙሱን ሰርጓ ላይ ሰጥተዋታል፤ ትሪውን ከዕቁብ ብር ገዝታዋለች፤ ስኒዎቹን እናቷ አውርሳታለች። ሕጉ የጋራ ሀብት ነው ቢልም፣ የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ባልና ሚስትን እኩል ቢያደርግም፣ በዕለት ኑሮ ማንንም ሳትጠይቅ የምታዝዘው በዕቃዋ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ የብርጭቆ ስብስብ ይዛ ስትገባ ብርጭቆ ብቻ አልገዛችም። ራሷ የመረጠችውን፣ ራሷ የምታስቀምጠውን፣ ለሴት ልጇ «ይኼ ያንቺ ነው» የምትለውን ገዝታለች። ይህን ምኞት የሚንቅ ሰው የቤቱን ታሪክ አያውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብርጭቆና ድስት የሚገዛው በዶላር ነው። ከዚያ ወዲህ በገበያው ውስጥ ሁለት ጥሪ አብረው ይሰማሉ፤ አንዱ «ቀንሷል»፣ ሌላው «ሳይጨምር ውሰዱ»። በሌላ አገር ሰው ለቅናሽ የሚሮጠው እንዳያመልጠው ነው። እኛ ዘንድ ከዚህ ይከፋል፤ ብሩ እጃችን ውስጥ እያለ ሲያንስ እያየነው ነው የምንሮጠው። ዕቃ ይሻላል ያለች ሴት ስሌቷ ከባዶ አልተነሳም፤ ብር ስታስቀምጥ ተጎድታ አይታዋለች።

ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ድስት ዋጋ ይዞ ይቆያል? ተቸግራ ልትሸጠው ብትወጣ ማን ይገዛታል? ቁራሌው ነው። ቁራሌው ደግሞ አሉሚኒየምን የሚገዛው በኪሎ ነው፤ ስምንት መቶ ነበር ቢሉት፣ በቅናሽ ነው የገዛሁት ቢሉት፣ እሱ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ብርጭቆውን ጭራሽ አይፈልገውም። ስለዚህ ብር ሸሽታ የገባችበት ዕቃ ከብሩ ይልቅ ፈጥኖ ይረክሳል፤ ያውም የረከሰው ከገበያ ተሸክማው ከሄደችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ለብር መሸሸጊያ የሚሆን ነገር ካለ ፍየል ነው፣ ጥጃ ነው፣ ዘር ነው። እዚህ አገር ሴቶች ወንዝ ወርደው አሸዋ አጥበው ወርቅ ያወጣሉ፤ ዋጋ የሚይዝ ነገር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የማብዛቱ ፈተና ያለ ገንዘብም ይመጣል። ጠዋት ጠዋት «ልዋጭ!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ወጣቶች ሳፋ፣ ጆግና ብርጭቆ ተሸክመው ያረጀ ልብስና ጫማ ይቀበላሉ። ብር አይወጣም። ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ የከረመ ኮት ይወጣል፣ ስድስት ብርጭቆ ይገባል። በነፃ እንደተገኘ ይሰማል። ልዋጩ ራሱ ክብር ያለው ሥራ ነው፤ ያረጀው ልብስ ታጥቦና ተጠግኖ ለሌላ ይሆናል። ነገር ግን ብር በሌለበትም ፈተናው መኖሩ አንድ ነገር ያሳያል። የሚስበን የዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም። የሚስበን «አገኘሁ» ማለት ነው። ያገኘነው ምን እንደሚሠራልን የምንጠይቀው ዘግይተን ነው፤ ያውም ከጠየቅን።

ያልተጠየቀው ዕቃ የት ይገባል? ቡፌ ውስጥ ይገባል። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ባለመስታወት ቡፌ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ባለወርቅ ጠርዝ ስኒ፣ ባለእግር ብርጭቆ፣ ክዳኑ ያልተነሳ የሾርባ ዕቃ። ለእንግዳ ነው ይባላል። ልጅ እንዳይነካው ይገሠጻል። እንግዳ ሲመጣ ግን እንዳይሰበር ተብሎ ሻይ የሚቀርብለት በዕለቱ ብርጭቆ ነው። የቡፌው ዕቃ በእንግዳ ስም ተገዝቶ እንግዳውን ሳያስተናግድ ያረጃል። እኔ በዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ሴትዮዋ የራሷ የሆነ ነገር መሻቷን እረዳለሁ፤ ብር ሲረክስ መሸሿን እረዳለሁ፤ የእንግዳን ስም ጠርቶ እንግዳን ማራቅ ግን ለሁላችንም ኪሳራ ነው። የቅናሹ ጥሪ በዓል ሲቃረብ የሚበረታውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሶሳ በኩል ለረመዳንና ለኢድ፣ በአዲስ አበባ ለአዲስ ዓመት፣ ለገናና ለፋሲካ ባዛር ይከፈታል። በዓል ማለት ሰው ሰው ቤት የሚሄድበት ቀን ነው። ነጋዴው የሚሸጥልን ሳህኑን ነው፤ እኛ የምንገዛው ቤታችን በሰው ተሞልቶ ማየትን ነው። ሳህኑ ይገባል፤ ሰው ግን በሳህን ብዛት አይመጣም።

ቤት በሰው የሚሞላበት ቀን ግን በእርግጥ አለ። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሰደቃ አለ። በዚያ ቀን አምስት ሳህንም ሃያ ሳህንም አይበቃም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ ያዘጋጁት መልስ እያንዳንዱ ቤት ሁለት መቶ ሳህን ይግዛ የሚል አልነበረም። ዕድር ነው። የዕድር ዕቃ ቤት ገብቶ ያየ ሰው አርስቶትልን ለመረዳት አይቸገርም። ጥግ ላይ ሁለት ሰው የሚሸከመው ብረት ድስት ተደፍቷል፤ ቂጡ በጥላሸት ጠቁሮ ጎኑ ላይ የዕድሩ ስም በሚስማር ተነቅሷል። ሳህኖች በሃያ በሃያ ታስረዋል። ጭልፋዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ዕቃ ያዡ ደብተር አለው፤ የወጣው ይጻፋል፣ የተመለሰው ይቆጠራል፣ የጎደለው ይከፈላል። ከዚያ ወረድ ሲል ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳል። ስንት ቤት ነው ሳህኑ ጀርባ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደረገው፣ የማንኪያው አንገት ላይ አረንጓዴ ክር ያሰረው! ያ ምልክት የሚደረገው ዕቃው ከቤት እንደሚወጣ ስለሚታወቅ ነው። ምልክት የሌለው ሳህን ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሳህን ነው።

አርስቶትል «ለቤትና ለከተማ» ያለውን አሁን መለስ ብዬ አየዋለሁ። መሣሪያ ሁሉ የቤት አይደለም። የቤት ዕቃ ወሰኑ ቤተሰቡና በሩን የሚያንኳኳው እንግዳ ነው፤ ሰባት ስምንት ሳህን፣ ሦስት ድስት፣ ጀበናና ስኒ። ከዚያ በላይ ያለው ፍላጎት ውሸት አይደለም፣ እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ ባለቤቱ ግን ሰፈሩ ነው። ቅናሹ የሚያደርገው ይህን የሰፈር ፍላጎት ሰብሮ በየቤቱ ማከፋፈል ነው። የሁላችንንም ሰርግና ለቅሶ እያንዳንዳችን ብቻችንን እንድንገዛው ይጋብዘናል። ለዚህ ነው በየቤቱ ተርፎ በየድግሱ የሚጎድለው። አርባ ቤት በየቡፌው ሠላሳ ሠላሳ ብርጭቆ ቆልፎ፣ አንዱ ሲሞትበት ብርጭቆ ፍለጋ ልጅ ይላካል።

አሁን አሁን በከተሞች የዕቃ ኪራይ ቤት በዝቷል። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑን በቀን ዋጋ ያከራያል፤ ችግር ያቃልላል፣ አልነቅፈውም። ዕድሩ ግን ከዕቃው ጋር ሰው ይልካል። ድስቱን ይዘው የሚመጡት ሴቶች ሽንኩርቱንም ይልጣሉ፣ እንጀራውንም ይዘው ይመጣሉ፣ ማታ ታጥቦ ሲቆጠርም አሉ። ድግስ ያለፈበት ቤት ከቆሸሸ ድስት ጋር ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሰማው ያየ ሰው ይህን ልዩነት ትንሽ አይለውም።

ስለዚህ ቅናሽ እውነት ሆኖ ከተገኘ ዕድሩ ገዢ ይሁን የሚል ሐሳብ አለኝ። በቶንጎ፣ በባምባሲ፣ በአሶሳ ያሉ ዕድሮች በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሴቶችን ቢወክሉ በካርቶን የሚገዛው ዕቃ ዋጋው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ክርክሩም ይመለሳል፣ አርባ ቤት ወክላ የምትከራከር ሴትን ነጋዴው በድምፅ ማጉያ አያልፋትም። ገዢዎቹ ሴቶች መሆን አለባቸው እላለሁ፤ በብዙ ዕድር ገንዘቡን የሚይዙት ወንዶች ናቸው፣ የድስቱን ቂጥ አንኳኩተው የሚያውቁት ግን እነሱ አይደሉም። በየቡፌው አስቀድሞ የገባው ዕቃም ጠፍቶ አልቀረም። ሠላሳ ብርጭቆ ያላት እናት ስምንቱን አስቀርታ ሃያ ሁለቱን ለዕድሩ ብትሰጥ፣ በዓመት መዋጮዋ ላይ ዋጋው ቢታሰብላትና በደብተሩ ላይ በስሟ ቢጻፍ፣ የኔ ማለቷ አይቀርባትም። ይህን ሐሳብ ወደ ዕድሩ ወስዶ በጠቅላላ ጉባኤው የሚያነሳ አንድ ሰው ቢገኝ ሥራው በሚቀጥለው ስብሰባ ሊጀመር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ሚስማርና አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ነው።